ለቡና ለቀማ የሚወርድ ሰው አጎበሩን አይርሳ

ወሩ ኅዳር ነው። ቦንጋ ገና ከጉም አልወጣችም። መናኸሪያው አካባቢ ለቡና ለቀማ ወደ ቆላው ቀበሌዎች የሚወርዱ ወጣቶች ተራቸውን ይጠብቃሉ። የያዙትን ጓዝ እያየሁ በመካከላቸው አለፍኩ። ቅርጫት አለ፤ ብርድ ልብስ አለ፤ በፌስታል የታሰረ ቆሎና ዳቦ አለ፤ የስልክ ቻርጀር የሌለው ሰው የለም። አጎበር የያዘ ሰው ግን ፈልጌ አጣሁ።

ይህን የምጽፈው እነርሱን ለመውቀስ አይደለም፤ መውቀስም አልችልም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ወር፣ በዚሁ መንገድ፣ የእሸት ቡና ግብይትን ለመዘገብ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ስወርድ ቦርሳዬ ውስጥ ማስታወሻ ደብተር፣ ካሜራና የመቅረጫ ባትሪ ነበር። አጎበር አልነበረም። ያደርኩት ሁለት ሌሊት ብቻ ነው፤ ለቀማ ላይ ከነበሩ ወጣቶች ጋር በአንድ የቡና መጋዘን ውስጥ። አመሻሽ ላይ ደጅ ተቀምጠን እየተጫወትን ቁርጭምጭሚቴን ስጎን ማምሸቴ ትዝ ይለኛል። ቢምቢ ናት፣ ምን ታመጣለች ብዬ አለፍኩት።

ከሥራዬ ስመለስ እናቴን ለመጠየቅ ወደ ደጋ ወጣሁ። ከቆላው ከተመለስኩ በአሥራ አንደኛው ቀን ራስ ምታት ጀመረኝ፤ ማታ ብርድ አንቀጠቀጠኝ፤ ሌሊቱን በላብ ተጠመቅኩ። እናቴ ግንባሬን ዳስሳ «ልጄ፣ ምች መትቶህ ነው» አለችኝና ከጓሮዋ ዳማ ከሴ ቀጥፋ፣ ጨምቃ በቡና አጠጣችኝ። ጠዋት ቀለል ሲለኝ ዳንኩ ብዬ የህመም ማስታገሻ ገዝቼ ዋጥኩ። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ቀን መቆም ሲያቅተኝ ጎረቤት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠራ። እርሷ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «በቅርቡ ወደ ቆላ ወርደው ነበር?»

እኔም፣ እናቴም፣ መድኃኒት የሸጠልኝም ሰው ይህን አልጠየቅንም ነበር። ጣቴን ወግታ በመመርመሪያዋ ላይ ደሜን ጠብ አደረገች፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መስመሩ ወጣ። ፋልሲፓረም የሚባለው፣ ሰው የሚገድለው የወባ ዓይነት ነበር።

እኔ በሦስት ቀን መድኃኒት ዳንኩ። በመጋዘኑ ውስጥ አጠገቤ የተኛው የደጋ ልጅ ግን ዕድሉ እንደኔ አልነበረም። ኋላ ስልክ ስደውል እርሱም ታሞ ወደ ቤቱ መመለሱን፣ ዘግይቶ ሆስፒታል መግባቱን፣ በለቀማ ያገኘው ገንዘብ በሙሉ ለትራንስፖርትና ለሕክምና ማለቁን፣ በላዩም ብድር መጨመሩን ሰማሁ። ነፍሱ ተርፋለች፤ የዓመቱ ገቢ ግን አልተረፈም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ልጅና ስለ ብጤዎቹ ነው።

የቡናው ወቅትና የወባው ወቅት

በካፋ እሸት ቡና መቅላት የሚጀምረው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ባለው ጊዜ የገበሬው እጅ ከቡና ዛፍ አይወርድም። ዋናው የወባ መዛመቻ ወቅትም በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ዝናቡ ቀዝቀዝ ሲል ወራጅ የነበረው ውሃ በየቦታው ቆሞ ይቀራል፤ ፀሐይም ታሞቀዋለች። የወባ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በእንዲህ ያለ የቆመ ውሃ ላይ ነው። በከብት ኮቴ ዱካ፣ ለጭቃ በተቆፈረ ጉድጓድ፣ በመንገድ ዳር ቦይ፣ በወንዝ ዳር በቀረ ኩሬ ውስጥ በሞቃት ቦታ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ እንቁላሉ ትንኝ ሆኖ ይበራል። ሁለተኛውና አነስ ያለው ወቅት የበልጉን ዝናብ ተከትሎ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ይመጣል።

ስለዚህ ሰው በብዛት ከቦታ ወደ ቦታ የሚንቀሳቀስበት፣ በመጠለያና በመጋዘን በርከት ብሎ የሚያድርበት፣ ሲደክምም የትም የሚተኛበት ጊዜ ትንኟ ከምትበዛበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ለቡና የወረደ ሰው ለወባም መውረዱ ነው።

የደጋ ሰው ለምን ይበረታበታል?

ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ሦስት አራተኛው ገደማ ለወባ ምቹ ነው ተብሎ ይታሰባል። በተለምዶ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው መሬት ማለት ነው። ቦንጋ ራሷ ከዚህ መስመር በታች ናት። ወደ አድዮ ከፍታዎች የወጣ ሰው ከመስመሩ በላይ ይሆናል፤ ወደ ጎጀብ ወይም በዴቻ በኩል ወደ ኦሞ የወረደ ደግሞ ሞቃቱ ሸለቆ ውስጥ ይገባል። በካፋ ከደጋ ወደ ቆላ ለመሻገር የግማሽ ቀን መንገድ ይበቃል።

ይህ መቀራረብ አደጋ አለው። በወባማ ቦታ ተወልዶ ያደገ ሰው በተደጋጋሚ በመያዙ ሰውነቱ በከፊል የመከላከል አቅም ያዳብራል። የደጋው ሰው ይህ የለውም። ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ከወትሮው ሥፍራዋ ወጥታ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያላቸውን የኢትዮጵያ አካባቢዎች ስታጠቃ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ተገምቷል። የሞቱት ወባን የማያውቁ የደጋና የወይና ደጋ ሰዎች ነበሩ።

ጉዳዩ የጥንት ብቻም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ተጠቂዎችና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ከፍተኛውን ድርሻ ከያዙት አራት ክልሎች አንዱ የእኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ነበር።

ሌሊት የምትነክስ፣ ቀን የምትነክስ

ብዙ ሰው «ነፍሳት» ሲባል የሚያስበው ስለ ቢምቢ ብቻ ነው። ወደ ካፋ ደንና ሸለቆ የሚጓዝ ሰው ግን የትኛዋ በስንት ሰዓት፣ በየት ቦታ እንደምትነክስ ቢያውቅ ራሱን መጠበቅ ይቀለዋል።

የወባ ትንኝ የማታና የሌሊት ናት። በአገራችን ዋነኛዋ አስተላላፊ አኖፊለስ አረቢየንሲስ ትባላለች፤ የምትነክሰውም ሴቷ ብቻ ነች፤ እንቁላሏን ለማብሰል ደም ትፈልጋለች። ይህች ትንኝ በቤት ውስጥም በደጅም ትነክሳለች፤ ከሰው ሌላ ከከብትም ደም ትመጣለች። አንዳንዴም ሰው ገና ሳይተኛ፣ እሳት ዳር ተቀምጦ ሲጫወት ትጀምራለች። ስለዚህ አጎበር ብቻውን ሁሉንም አይከላከልም፤ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እጅጌና ሱሪ ረዘም ማለት አለባቸው።

ጥቁር ዝንብ የቀን ናት፤ በተለይ ጠዋትና ወደ ማታ። ከወባ ትንኝ በተቃራኒ የቆመ ውሃ አይሆናትም፤ የምትራባው በሚሮጥ፣ ድንጋይ እየመታ አረፋ በሚያወጣ ወንዝ ውስጥ ነው። ካፋ ደግሞ የወንዝ አገር ነው። ትንሽ፣ ጀርባዋ ጎበጥ ያለ ዝንብ ናት፤ ከነከሰች በኋላ ቦታው ያብጣል፣ ለቀናት ያሳክካል። በተደጋጋሚ ስትነክስ ኦንኮሰርካይሲስ (የወንዝ ዳር ዓይነ ሥውርነት) የተባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። በሽታው በኢትዮጵያ መኖሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1939 በጣሊያን ተመራማሪዎች፣ በደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል ነው። ከጥቁር ዝንብ ዓይነቶች አንዷ ሲሙሊየም ካፋኤንሴ ተብላ የዚህን አካባቢ ስም ይዛለች።

በእኛ አካባቢ በሽታው ከዓይን ይልቅ ቆዳን ይጎዳል። ሌሊት የማያስተኛ ማሳከክ፣ የቆዳ መሻከርና መጠቋቆር፣ ከቆዳ ሥር የሚዳሰስ እባጭ ምልክቶቹ ናቸው። አዋቂው ትል በሰውነት ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ለጥቂት ቀን የመጣ እንግዳ የሚያዝበት ዕድል ትንሽ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ወንዝ ዳር የሚያርስ፣ ቡና የሚለቅም፣ ቀፎ የሚሰቅል ገበሬ ግን ዕለት ዕለት ይነከሳል። በዚህ ምክንያት አይቨርሜክቲን የተባለውን መድኃኒት ለኅብረተሰቡ በጅምላ ማደል በካፋና በሸካ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። መድኃኒቱን አምራቹ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ዕቅዱ በሽታውን ከመቆጣጠር ወደ ማጥፋት ሲሸጋገር በብዙ ቦታ በዓመት ሁለት ጊዜ መታደል ጀምሯል። መድኃኒቱ ሕፃን ትሉን እንጂ አዋቂውን ስለማይገድል ለዓመታት ሳያቋርጡ መውሰድ ያስፈልጋል። አምና ወስጃለሁ ብሎ ዘንድሮ የሚቀር ሰው ጎረቤቱን ጭምር ያጋልጣል።

የቆላ ዝንብም የቀን ናት። ገንዲን ወደ ከብት የምታስተላልፈው እርሷ መሆኗን የጎጀብና የኦሞ ሸለቆ አርቢ ያውቃል። በሰው ላይም የእንቅልፍ በሽታን ታስተላልፋለች፤ በሽታው በኢትዮጵያ ከሦስት አሠርት ዓመታት በላይ ሳይታይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2022 በደቡቡ የአገራችን ክፍል እንደገና ተገኝቷል። ንክሻዋ ያማል፤ ስስ ልብስም አልፋ ትነክሳለች። ጥቁርና ሰማያዊ ቀለም ይስባታል፤ ለዚህም ነው እርሷን ለመያዝ የሚዘረጉት ወጥመዶች ሰማያዊና ጥቁር የሆኑት። በሬ ይዞ ወደ ቆላ የሚወርድ ገበሬ ጥቁር ሰማያዊ ጃኬት ለብሶ ከሄደ ራሱን ወጥመድ አደረገ ማለት ነው።

ሌላዋ የቀን ነካሽ ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በኦሞና በዴዴሳ ሸለቆዎች አካባቢ የተነሳው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው፤ 30 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። ከአስተላላፊዎቹ መካከል አንዷ የምትራባው በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ብብት ውስጥ በሚጠራቀም ጥቂት ውሃ ነው። እንሰት የምንኖርበት ነው፤ አይነቀልም። በጓሮ የተጣለ ጣሳ፣ አሮጌ ጎማና ክዳን የሌለው በርሜል ግን መነሳት ይችላል። ለቢጫ ወባ ክትባት አለ፤ አንድ ጊዜ የወሰደ ሰው ለዕድሜ ልክ ይጠበቃል።

በመጨረሻ የመኝታዎቹ አሉ። ቁንጫና ትኋን በመጠለያ ውስጥ እንቅልፍ ይነሳሉ፤ ሙጀሌ በባዶ እግር የሚሄደውን ጣት ትበሳለች፤ መዥገር ከብት ካለበት ሣር ይያያዛል። እነዚህ እንደ ወባ ባይገድሉም የታከከ ቆዳ ይቆስላል፣ ያመረቅዛል፤ ለቃሚውን ከሥራ ያስቀራል።

ከመውጣትዎ በፊት

አጎበር ይያዙ። በኬሚካል የተነከረ አጎበር ተጣጥፎ ከብርድ ልብስ ያነሰ ቦታ ይይዛል። አዲስ ከሆነ ከመጠቀምዎ በፊት ለአንድ ቀን በጥላ ሥር ዘርግተው ያናፍሱት። አራት ማሰሪያ ገመድና ጥቂት ምስማር አብረው ይያዙ፤ መጋዘን ውስጥ ማንጠልጠያ አጥቶ አጎበሩን ትራስ ያደረገ ሰው አይቻለሁ። ቀዳዳ ካለው በመርፌና በክር ይስፉት።

ልብስ ሲመርጡ እጅጌው ረጅም፣ ሱሪው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ ቀለሙ ፈካ ያለ ይሁን። ነጭ፣ ቡላማና የአፈር ቀለም ከጥቁርና ከሰማያዊ ይሻላል። ካልሲና የተዘጋ ጫማ ቁርጭምጭሚትን ከትንኝ፣ ጣትን ከሙጀሌ ይጠብቃሉ።

ትንኝ ማባረሪያ ቅባት ከተገኘ ጠቃሚ ነው። ሲገዙ በማሸጊያው ላይ ዲት የሚባለው ንጥረ ነገር ከ20 እስከ 50 በመቶ መሆኑን ይመልከቱ፤ ከዚያ ያነሰው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይሠራል። የሚቀባው በተጋለጠ ቆዳ ላይ እንጂ በቁስል ላይ፣ በዓይንና በአፍ አካባቢ፣ በሕፃናት እጅ ላይ አይደለም። ለእሸት ቡና ከሚነካ እጅ ላይም ይታጠቡት፤ ቡና ጠረን ይይዛልና። ለቆላ ዝንብ ግን ቅባቱ ብዙ አይጠቅምም፤ እርሷን የሚከለክላት ወፍራም ልብስ ነው።

ከደጋ ወይም ወባ ከሌለበት ከተማ ለጥቂት ሳምንት የሚወርዱ፣ በተለይም ከውጭ አገር ለጉብኝት የመጡ ሰዎች አስቀድሞ የሚወሰድ የወባ መከላከያ መድኃኒት እንዳለ ይወቁ። የትኛው እንደሚስማማቸው የሚወስነው የጤና ባለሙያ ነው። ፋልሲፓረም ክሎሮኪንን ከተላመደ ቆይቷልና በድሮው ልማድ ክሎሮኪን ገዝቶ መዋጥ ዋስትና አይሆንም። ነፍሰ ጡር እናት ከተቻለ በወባ ወቅት ወደ ቆላ ባትወርድ ይመረጣል፤ ወባ እርሷንም ፅንሱንም ይጎዳልና።

በሥራ ቦታ

አጎበሩን ገና ሳይመሽ ይስቀሉ። ዳርና ዳሩን ከሰሌኑ ወይም ከፍራሹ ሥር ይጎስጉሱ፤ ወደ ውስጥ የገባች ትንኝ ካለች ከመተኛትዎ በፊት ይፈልጉ። ሰውነትዎ አጎበሩን ተደግፎ አይደር፤ ትንኟ በቀዳዳው በኩል ትነክሳለችና።

ምሽት ላይ ወይራ፣ ባሕር ዛፍ ወይም ዳማ ከሴ ማጨስ የቆየ ልማዳችን ነው። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶችም የእነዚህ ቅጠሎች ጭስ ትንኝን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ነገር ግን ጭሱ ሲጠፋ ጥበቃውም ይጠፋል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥም ሳንባን ይጎዳል። ጭስ የአጎበር አጋዥ ነው፤ ምትክ አይደለም።

አንድ አደገኛ ልማድ ግን መቆም አለበት። ለሰብል የተገዛ የፀረ ተባይ ኬሚካልን ለትኋንና ለቁንጫ ሲባል በፍራሽ፣ በብርድ ልብስ፣ አልፎም በሰውነት ላይ የሚረጩ ሰዎች አሉ። መርዙ በቆዳና በትንፋሽ ይገባል፤ ሰው ይገድላል። ትኋን የያዘውን ልብስ በፈላ ውሃ ማጠብ፣ ፍራሹን ቀትር ላይ ፀሐይ ማስመታት፣ የግድግዳ ስንጥቅ በጭቃ መምረግ ይሻላል።

የቡና ባለቤቶችም ድርሻ አላቸው። ለቃሚ ሲቀጠር የምሳና የመኝታ ጉዳይ እንደሚነሳ ሁሉ የአጎበር ጉዳይም ቢነሳ መልካም ነው። የለቃሚዎች መጠለያ ከቆመ ውሃና ከከብት በረት ራቅ ቢል፣ በመጠለያው ዙሪያ ያለው ጉድጓድ ቢደፈን፣ የማይደፈነው ቢፋሰስ፣ የጤና ባለሙያዎች ለኬሚካል ርጭት ሲመጡ መጋዘኑም ቢከፈትላቸው ወጪው ትንሽ ነው። አንድ ለቃሚ ታሞ ሲተኛ የሚቀረው የእርሱ የቀን ገቢ ብቻ አይደለም። በወቅቱ ያልተለቀመ እሸት ዛፍ ላይ ይደርቃል፣ ይረግፋል፤ ጥራቱ ይወርዳል። በአስታማሚነት አብሮት የሚመለስም ሰው አለ።

አጎበር ሲታጠብም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቀዝቃዛ ውሃና ለስለስ ባለ ሳሙና በሳፋ ይታጠብ፤ በጥላ ሥር ይድረቅ፤ ፀሐይ ኬሚካሉን ያዳክመዋልና። ወንዝ ውስጥ አይታጠብ፤ ለትንኝ የታሰበው መርዝ ዓሣንና ንብን ይገድላል። የካፋ ገበሬ ከቡናው ቀጥሎ ማሩን ያውቃል፤ እጣቢውን ከቀፎና ከምንጭ አርቆ መድፋት ለራሱ ንብ ማዘን ነው። አጎበርን ለቡና ማስጫ፣ ለጭድ መሸከሚያና ለገመድ ማዋልም ይቅር። የቡና ማድረቂያ አልጋ የራሱ መረብ አለው።

ከተመለሱ በኋላ

ትልቁ ስህተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። የወባ ተሐዋሲ ከንክሻው በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ብዙውን ጊዜም ከዘጠኝ እስከ አሥራ አራት ቀን ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። ቫይቫክስ የተባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ አድፍጦ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ስለዚህ ሰው ቆላ ተነክሶ ደጋ ይታመማል። ቤተሰቡ «እዚህ ወባ የለም» ይላል፤ በሽተኛው ምች ነው፣ ጉንፋን ነው፣ የለቀማ ድካም ነው ይላል። ፋልሲፓረም ግን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ከባድ ደረጃ ሊሸጋገር ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከቆላ ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ወይም የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ከተሰማዎት በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ሳይጠየቁም «ከቆላ ነው የመጣሁት፤ ይህን ያህል ቀን ሆኖኛል» ይበሉ። ከምርመራው በፊት በግምት መድኃኒት አይግዙ። ፋልሲፓረም ከሆነ የሚሰጠው ኳርተም ለሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ምግብ ወይም ወተት ተወስዶበት ነው። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ቢጠፋም የቀረውን ክኒን ለሌላ ቀን ማስቀመጥ አይገባም። ለቫይቫክስ ከክሎሮኪን በተጨማሪ በጉበት ያደፈጠውን የሚያጠፋ ለ14 ቀን የሚወሰድ ፕሪማኪን ባለሙያው ሊያዝ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የሕክምና የኖቤል ሽልማት ለሦስት ሳይንቲስቶች ነበር የተሰጠው፤ ሁለቱ ለአይቨርሜክቲን መሠረት የሆነውን ንጥረ ነገር በማግኘታቸው፣ ሦስተኛዋ ቻይናዊት ለኳርተም መሠረት የሆነውን አርቴሚሲኒን በማግኘቷ። ስለ ጥቁር ዝንብ የሚታደለውም፣ ስለ ወባ የሚሰጠውም መድኃኒት በአንድ ዓመት በአንድ መድረክ ተከበረ ማለት ነው። ሁለቱም መድኃኒቶች ዛሬ በካፋ ጤና ኬላዎች ደጃፍ ይታወቃሉ። ሆኖም ከደጃፉ ያልደረሰን ሰው አያድኑም።

እንግዳውም ይስማ

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከ760 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሸፍነው የካፋ ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2002 ዓ.ም ነው፤ የጫካ ቡናን በተፈጥሮ ቦታው ለማየት፣ ብሔራዊ የቡና ሙዚየምን ለመጎብኘት፣ በፏፏቴዎቹ ዳር ለማረፍ የሚመጣው እንግዳ ጥቂት አይደለም። ፏፏቴ ዳር ጥቁር ዝንብ፣ ጎጀብ ሲሻገሩ የቆላ ዝንብ፣ ማታ የወባ ትንኝ እንዳለች አስጎብኚዎች ቢናገሩ እንግዳን ማስፈራራት አይደለም። እጅጌ ያለው ሸሚዝና አጎበር የያዘ እንግዳ ጤናማ ሆኖ ይመለሳል፤ ስለ ካፋም መልካሙን ያወራል።

ዘንድሮ ወደ ጎጀብ ስወርድ ቦርሳዬን ያሰናዳችልኝ እናቴ ናት። ከደብተሩና ከካሜራው በላይ አጎበሩን አስቀመጠች፤ አጠገቡም እንደ ልማዷ የደረቀ ዳማ ከሴ በጨርቅ ቋጥራ ጨመረች። ሁለቱንም ይዤ ወረድኩ። መናኸሪያው ጋ ስደርስ አብሮኝ ለተሳፈረው የደጋ ወጣት አጎበር ይዞ እንደሆነ ጠየቅኩት። አልያዘም ነበር። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ወደ ቤቱ ሮጦ ተመለሰ። ሾፌሩ አሥር ደቂቃ ጠበቀን፤ ተሳፋሪውም አጉረመረመ። ለቀማው ካለቀ በኋላ ያ ወጣት በስልክ ደህና መግባቱን ነገረኝ።